ስርዝ ድልዝ የሌለበት ቻርት

ከደመወዝ ክፍል በቀር በሆስፒታሉ ውስጥ ትክክለኛ ስሟን የሚያውቅ የለም ማለት ይቻላል። ለሁሉም «ሲስተር መዝገብ» ናት። ስሙን ያወጣላት አንድ ቀልደኛ የላቦራቶሪ ሠራተኛ ነው፤ እሷም እንዳልሰማች ሆና አለፈችው፤ በሆዷ ግን ደስ ብሏታል። ሃያ ስድስት ዓመት በቀዶ ሕክምና ክፍል ስትሠራ ከእጇ የወጣ ቻርት አንድም ቀን ስርዝ ድልዝ ታይቶበት አያውቅም። ፊደሏ ቁጭ ቁጭ ያለ፣ ፊርማዋም ከሳጥኑ ጠርዝ ዝንፍ የማይል ነው። ሐኪሞቹ የገዛ ትእዛዛቸውን ማንበብ ሲያቅታቸው ወደ እሷ ይመጣሉ፤ ታነብላቸዋለች፤ ደስ ካላትም ታርምላቸዋለች።

አዲስ ነርስ ወደ ክፍሉ ሲመጣ የመጀመሪያው ትምህርት ስለ መርፌ ወይም ስለ ቁስል አልነበረም፤ ስለ እስክሪብቶ ነበር። «በሽተኛው ይረሳል፣ ቤተሰቡም ይረሳል፣ አንቺም ትረሺያለሽ፤ ወረቀቱ ግን አይረሳም» ትላለች። ቀጥላ ሕጉን ታወርዳለች። ያልጻፍሽውን ሥራ እንዳልሠራሽው ቁጠሪው። ከተሳሳትሽ በማጥፊያ አትለቅልቂው፤ አንድ ቀጭን መስመር አስምሪበት፣ የተሰረዘው ይነበብ፣ እውነቱን ከጎኑ ጻፊ፣ ሰዓቱን አስፍሪ፣ ፈርሚ። ይህን የመጨረሻውን ሕግ ለሌላው ታስተምራለች እንጂ እሷ ራሷ ተጠቅማበት አታውቅም፤ ተሳስታ አታውቅማ።

አለመሳሳቷ ምስጢር ነበረው። ምስጢር ማለትም ይከብዳል፤ ክፍሉ በሙሉ ያውቀዋል። ሠላሳ አንድ አልጋ፣ ሁለት ነርስ። የእያንዳንዱ በሽተኛ ትኩሳት፣ የደም ግፊትና የልብ ምት በየሁለት ሰዓቱ ይለካ፣ ይጻፍ ይላል መመሪያው። መመሪያውን ያወጡት ሰዎች አልጋ ቆጥረው የሚያውቁ አይመስለኝም። ስለዚህ ሲስተር መዝገብ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ አንዱን ዙር በትክክል ትለካለች፤ ከዚያ ቁጭ ብላ የአራቱን፣ የስድስቱንና የስምንቱን ሰዓት በዚያው ትሞላዋለች። እንደ ጅል አንድ ዓይነት ቁጥር አትደረድርም። እዚህ ጋ ትኩሳቱን በአንድ ነጥብ ከፍ፣ እዚያ ጋ ግፊቱን ትንሽ ዝቅ ታደርጋለች፤ ሰውየው በሕይወት ያለ እንዲመስል። የተረፋትን ጊዜ ለበሽተኞቹ ትሰጣለች፤ ታጥባለች፣ ታገላብጣለች፣ ቁስል ትጠርጋለች፣ የሚያለቅሰውን ታባብላለች። «ወረቀቱን እዋሸዋለሁ እንጂ በሽተኛውን አልዋሸውም» ብላ ራሷን ካሳመነች ቆይታለች። ክፍሉም በየዓመቱ በመዝገብ አያያዝ አንደኛ ይወጣል፤ የምስጋና ወረቀቱ በመስተዋት ታሽጎ ከመድኃኒት መደርደሪያው በላይ ተሰቅሏል።

ሌላም የምትታወቅበት ነገር ነበራት፤ ኢንሹራንሷ። የነርሶች ማኅበር «በሥራ ላይ ስህተት ቢደርስባችሁ የሚደርስላችሁ የሙያ ኃላፊነት ኢንሹራንስ ግቡ» እያለ ሲለምን ከሆስፒታሉ የገባችው እሷ ብቻ ናት። ካርዱን ከባሏ ፎቶ ጋር በቦርሳዋ ይዛው ትዞራለች። ጓደኞቿ «ማንን ልትጨርሺ አስበሽ ነው?» እያሉ ይስቁባታል። በተለይ የከሰዓት ተረኛዋ አትምራትም ነበር።

ይህች የከሰዓት ተረኛ «ፕላስተር» ነው የምትባለው። ወረቀት ፊት ቁጭ ማለት አይሆንላትም። ተራዋ ደርሶ ስትገባ የቁስል ፕላስተር ቀድዳ ገዋኗ ላይ፣ ጭኗ አካባቢ ትለጥፋለች፤ በሽተኛ አይታ በተነሣች ቁጥር እዚያው ላይ ጫር ጫር ታደርጋለች። «በኋላ እገለብጠዋለሁ» ትላለች። አንዳንዴ ትገለብጠዋለች፤ አንዳንዴ ገዋኑ ከነፕላስተሩ ልብስ ማጠቢያ ይገባል። ቻርቷን ያየ ሰው ዶሮ የተራመደችበት ይመስለዋል። ሲስተር መዝገብ በየርክክቡ ትቆጣታለች፤ ሁለት ጊዜም በደብዳቤ አስጠንቅቃታለች። ፕላስተር ኢንሹራንስ የላትም። ያላት አንዲት ጨቅላ ልጅና ሁለት ዓመት ያልሞላው የሙያ ፈቃድ ነው።

ነገሩ የመጣው የቻርት ኦዲተሮች ሊመጡ አንድ ቀን ሲቀራቸው ነው። አሥራ ሦስት ቁጥር አልጋ ላይ አንድ ልብስ ሰፊ ተኝቷል። ስልሳን ያለፈ፣ ከመሰላል ወድቆ ቀኝ ቅልጥሙን የተሰበረ፣ ጨዋታ የሚችል ሰው ነው። እግሩ በዋዜማው በጀሶ ታሽጓል። የታሸገ እግር ያብጣል፤ ካበጠ ደግሞ ጀሶው አይለጠጥምና ደም ይታፈናል። ለዚህ ነው ሐኪሙ «ጣቶቹ በየሁለት ሰዓቱ ይታዩ፤ ቀለም፣ ሙቀት፣ ስሜት» ብሎ ያዘዘው። ሲስተር መዝገብ ሁለት ሰዓት ላይ ጣቶቹን ዳሰሰች። ሙቅ ናቸው። ቆንጠጥ አደረገቻቸው።

«ልትለኪኝ ነው ልትቆነጥጪኝ? እኔ ደንበኛ ስለካ እንዲህ አላሳምምም» አላት ልብስ ሰፊው።

ሳቀችና «ሙቅ፣ ቀለም ጥሩ፣ ስሜት አለ» ብላ ጻፈች። ከዚያ እንደ ልማዷ በአራት፣ በስድስትና በስምንት ሰዓት ሳጥኖች ውስጥም «ሙቅ፣ ቀለም ጥሩ፣ ስሜት አለ» ብላ ሞላች። ቁጥር ቢሆን ከፍና ዝቅ ይደረጋል፤ ሙቅን ምን ያደርጉታል።

አራት ሰዓት ላይ የአምስት ቁጥሩ በሽተኛ የሆድ ቁስሉ ተከፍቶ አልጋው ደም በደም ሆነ። እሱን ስታድን ስድስት ሰዓት አለፈ። ወደ ሰባት ሰዓት ገደማ የልብስ ሰፊው ሚስት መጥታ በሩ ላይ ቆመች።

«ሲስተር፣ እግሬን አልሰማውም እያለ ነው። ከቅድም ጀምሮ ሲያቃስት ነበር፤ አሁን አላመመኝም ይላል» አለች።

ሲስተር መዝገብ ሃያ ስድስት ዓመት የሠራችው በእስክሪብቶ ብቻ አይደለም። «አላመመኝም» የሚለውን ስትሰማ እግሩ ደም እንዳጣ ገባት። ሮጣ ሄደች። ጣቶቹ ቀዝቅዘዋል፤ ሁለቱ ትንንሾቹ ጠቁረው ወደ ሰማያዊ ሄደዋል። ሐኪሙ ቀዶ ጥገና ላይ ነው። ሐኪም ሳያዝ ጀሶ መክፈት የነርስ ሥልጣን አይደለም፤ እሷ ግን መቁረጫውን አምጥታ ከላይ እስከ ታች ለሁለት ሰነጠቀችው። ልብስ ሰፊው ራሱ የጀሶውን ጠርዝ ያዘላት። ሐኪሙ በኋላ ጓንቱን ሳያወልቅ መጥቶ አየና «እግሩን አትርፈሽዋል፤ ጣቶቹን እናያለን» ብሎ ተመለሰ። የጻፈው ነገር የለም፤ ሐኪም ነዋ።

ስምንት ሰዓት፣ ርክክብ። ሲስተር መዝገብ ቻርቱን ገለጠች። በስድስት ሰዓቱ ሳጥን ውስጥ በዚያ በሚያምር ፊደሏ «ሙቅ» ይላል። በስምንት ሰዓቱም «ሙቅ» ይላል። እስክሪብቶውን አነሣች። ሕጉን ከማንም በላይ ታውቀዋለች። ግን ገጹ ንጹሕ ነበር፤ ኦዲተሮቹም ነገ ይመጣሉ። አንዱን ሳጥን ብትሰርዝ፣ ያልታየ ጣት እንዴት ሙቅ ተባለ የሚል ጥያቄ ይነሣል፤ ያ ጥያቄ ደግሞ ከአሥራ ሦስት ቁጥር ተነሥቶ ሠላሳውንም አልጋ ይዞራል። እስክሪብቶውን መልሳ ኪሷ ውስጥ ሰካችው። ለፕላስተር «አሥራ ሦስት ቁጥር ጀሶው ተከፍቷል፣ ሐኪም አይቶታል፣ ዓይንሽን ከእሱ እንዳትነቅይ» ብላ በቃል ነገረቻት። ኦዲተሮቹ ሲሄዱ አስተካክለዋለሁ አለች። ኦዲተሮቹ በማግስቱ መጡ፣ ገጹን አዩ፣ እንዲህ ነው ቻርት አሉ፤ ለሌሎች ክፍሎች ማስተማሪያ እንዲሆንም ይዘውት ሄዱ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ የልብስ ሰፊው ሁለት ትንንሽ ጣቶች ተቆረጡ። የስፌት መኪናውን ፔዳል የሚረግጥበት እግር ነው። ራፖር ጸሐፊ ቀጥሮ «ነርሶቹ ቸል ብለውኛል» የሚል አቤቱታ አስገባ። ሆስፒታሉ ኮሚቴ አቋቋመ፤ ኮሚቴው ቻርቱን ከማስተማሪያነት አስመልሶ አነበበ። እስከ ስምንት ሰዓት ድረስ ጣቶቹ ሙቅ ናቸው። ከዚያ በታች ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ በፕላስተር የዶሮ ጽሑፍ «ሰማያዊ፣ ቀዝቃዛ» ይላል። ስለዚህ ፕላስተር በሩብ ሰዓት ውስጥ ሁለት ጣት አጥፍታለች ማለት ነው። እንዲህ ያለ ፍጥነት በሆስፒታሉ ታይቶ አያውቅም፤ ግን ወረቀቱ ነው የሚለው። ሐኪሙም «ጀሶው ተከፍቶ አይቻለሁ፤ ሰዓቱን አላስታውስም» አለ። ልብስ ሰፊውን ሰዓቱን የጠየቀው ሰው የለም።

የኢንሹራንሱ ሰውዬ ሲስተር መዝገብን ሊያነጋግር የመጣው በዚያው ሳምንት ነው። ጫማው የሚያብረቀርቅ፣ ቃላቱን የሚመርጥ ሰው ነበር። የቻርቱን ኮፒ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ እንደ ልጁ ፎቶ አየው።

«ሲስተር፣ በዚህ ሥራ ስኖር እንዲህ ያለ መዝገብ አላጋጠመኝም። እርስዎ አፍዎን መክፈት እንኳ አይጠበቅብዎትም፤ ይሄ ለብቻው ይሟገትልዎታል። ፊት ቀርበው ‹አዎ፣ የኔ ነው፣ ትክክል ነው› ይበሉ፤ የቀረውን ለኛ ይተዉት።»

«ትክክል ባይሆንስ?» አለችው።

ሰውዬው ኮፒውን አጠፈው። «ስህተት ከሆነ እንሸፍናለን፤ ሥራችን እሱ ነው። እያወቁ የተጻፈ ሐሰት ከሆነ ግን ውሉ በዚያው ቀን ያበቃል። እኔ አሁን የጠየቁኝን አልሰማሁም፤ እርስዎም አልጠየቁኝም።»

ሃያ ስድስት ዓመት ለስህተቷ ዋስ ገዝታ ኖራ፣ ዋሱ ለመቆም ያቀረበው ቅድመ ሁኔታ እንዳልተሳሳተች መማሏ ሆነ። ሲስተር መዝገብ ነገሩ ቢገርማትም ካርዱን ከቦርሳዋ አላወጣችውም። ጡረታ ልትወጣ ሦስት ዓመት ነው የቀራት፤ ፈቃዷ ከተነጠቀ ደግሞ ሌላ የምታውቀው ሥራ የላትም።

ያን ቀን ማታ እራት ላይ ለባሏ ነገረችው። ባሏ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ነገር ማክረር የማይወድ፣ ሆደ ሰፊ ሰው።

«አንቺ ደግሞ ታካብጂዋለሽ» አላት። «ቀድሞ የማይሞላ ማን አለ? እኔ ራሴ የአውቶቡሱን የፍተሻ ቅጽ ሰኞ ጠዋት ነው ለሳምንቱ የምሞላው። ጎማ ደህና፣ መብራት ደህና፣ ፍሬን ደህና፤ እስከ ቅዳሜ።»

«ፍሬንም?»

«ፍሬኑ ይሠራላ።»

«በምን አወቅክ?»

ትንሽ አሰበና «እስካሁን ይቆማል» አለ።

«ስንት ሰው ነው የምትጭነው?»

«ተቀምጦ ነው ቆሞ?» አለና ወዲያው በጥያቄው አፈረ።

በማግስቱ ፕላስተር በልብስ መቀየሪያው ክፍል ጠበቀቻት። ዓይኗ አብጧል። ቁም ሳጥኗን ከፈተችና የበሩን ጀርባ አሳየቻት። አንድ ጣት የምታህል የፕላስተር ቁራጭ ተለጥፋለች፤ «8፡15፣ 13 ቁጥር፣ ጀሶ ክፍት አገኘሁ፣ 2 ጣት ሰማያዊ» ትላለች።

«ገዋኔን ሳጥብ አንስቼ ለጥፌያት ረስቻት ነው» አለች። «ስረከብ ጀሶው ክፍት እንደነበር ይህች ቁራጭ ትናገርልኛለች ብዬ ነበር። ግን ፕላስተር መዝገብ አይደለም፤ አይደል ሲስተር? እርስዎ ነዎት ያስተማሩኝ።»

ልጅቷ ይህን ያለችው ልትወጋት አልነበረም፤ የእውነት እየጠየቀቻት ነው። ሲስተር መዝገብ ቁራጯን ደግማ አነበበቻት። ስትቆጣት የኖረችው ይህች ዝርክርክ ልጅ በሽተኛዋን አይታ ትጽፍ ነበር፤ በሽተኛዋን ሳታይ ስትጽፍ የኖረችው ተሸላሚዋ እሷ ናት። በሕይወቷ እንደዚያን ቀን አፍራ አታውቅም።

ኮሚቴው ረቡዕ ጠዋት በመሰብሰቢያው ክፍል ተቀመጠ። አምስት አባላት አሉ፤ ሰብሳቢው የሆስፒታሉ ሜዲካል ዳይሬክተር ነው። ልብስ ሰፊው በክራንች ተደግፎ መጥቶ ከሚስቱ ጋር ጥግ ይዟል። ፕላስተር ከበሩ አጠገብ እጆቿን ጭኖቿ መካከል ቀብራ ተቀምጣለች። የኢንሹራንሱ ሰውዬም አለ፤ ሲስተር መዝገብን ሲያያት ፈገግ አለ።

«ጉዳዩ ግልጽ ስለሆነ ብዙ አንቆይም» አለ ሰብሳቢው። «ሲስተር፣ ቻርቱ የእርስዎ ነው?»

«የኔ ነው።»

«ፊርማውስ?»

«የኔ ነው።»

«በቃ፣ ከዚህ በላይ ምን አለ። እዚህ ጋ ይፈርሙልን።»

የኮሚቴው ጸሐፊ አንድ የታተመ ወረቀት አሻገረችላት። ቃለ ጉባኤ ነው። ሲስተር መዝገብ ሳታነብ ፈርማ አታውቅምና አነበበችው። «ነርሷ ቀርበው ሲጠየቁ፣ መዝገቡ በየሰዓቱ እየታየ የተሞላና ትክክለኛ መሆኑን አረጋግጠዋል። ስለዚህ ጉዳቱ የደረሰው በከሰዓት ተረኛዋ ቸልተኝነት መሆኑን ኮሚቴው ከሰፊ ውይይት በኋላ በሙሉ ድምፅ ወስኗል። ስብሰባው አምስት ሰዓት ላይ ተጠናቀቀ።» ከሥሩ አምስት ፊርማዎች ተደርድረዋል። ቀለማቸው ደርቋል። ቀና ብላ የግድግዳውን ሰዓት አየች፤ አራት ከሃያ ይላል።

ሳቋ መጣ። ልትይዘው ሞከረች፤ አልያዝ አላት። ፊደሉ አምሮ፣ ስርዝ ድልዝ ሳይኖረው፣ ገና ያልተባለው ተብሎ፣ ገና ያልታየው ታይቶ ተቀምጧል። የገዛ ሥራዋን በሰው እጅ ስታየው የመጀመሪያዋ ነው።

«ምን ያስቃል ሲስተር?» አለ ሰብሳቢው።

«ይቅርታ ዶክተር፤ የማውቀው ሥራ ሆኖብኝ ነው።»

እስክሪብቶዋን ከኪሷ አወጣች። «መዝገቡ በየሰዓቱ እየታየ የተሞላና ትክክለኛ» በሚለው ላይ አንድ ቀጭን መስመር አሰመረች፤ የተሰረዘው ይነበባል። ከጎኑ እየጻፈች ጮክ ብላ አነበበችው። «የአራት፣ የስድስትና የስምንት ሰዓቱን ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሳላይ ሞልቻለሁ። ጣቶቹን ያየሁት ሰባት ሰዓት ገደማ ነው፤ ሰማያዊ ነበሩ። ጀሶውን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። የከሰዓት ተረኛዋ ስትረከበኝ ጉዳቱ ደርሶ ነበር።» ከዚያ ወደ ግድግዳው አይታ «አራት ሰዓት ከሃያ ሦስት» ብላ አሰፈረችና ፈረመች።

የኢንሹራንሱ ሰውዬ ቦርሳውን ዘጋ። ሰብሳቢው ወረቀቱን አንስቶ እያገላበጠ «ገጹን አበላሹት እኮ» አለ።

«ሰባት ሰዓት ነው ልክ» አለ ልብስ ሰፊው ከጥጉ። ሁሉም ዞሩ። «ማንም አልጠየቀኝም እንጂ እኔ እዚያው ነበርኩ። ጠርዙንም የያዝኩላት እኔ ነኝ።» ክራንቹን ተደግፎ ተነሣና ወደ ሲስተር መዝገብ ዞረ። «በአራት ሰዓት ጠበቅኩሽ፤ አልመጣሽም። በስድስት ሰዓትም ጠበቅኩሽ። ጣቶቼን ያስበላሽኝ አንቺ ነሽ፤ እግሬን ያተረፍሽልኝም አንቺ ነሽ። እኔ እንግዲህ የትኛዋን ልክሰስ?»

«የመጀመሪያዋን ይክሰሱ አባባ» አለች። «ጥፋተኛዋ እሷ ናት።»

ልብስ ሰፊው ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ወደ ሰብሳቢው ዞሮ «ለአቤት ባይ አንድ ኮፒ ይሰጣል ተብያለሁ፤ ይሄንኑ ስጡኝ» አለ። ጸሐፊዋ ሌላ ንጹሕ እናትማለን ብትልም ሰውየው ቆሞ ጠበቀ። እንዲህም ሆኖ የሲስተር መዝገብ እርማት አምስቱ አባላት አስቀድመው ከሰጡት ሙሉ ፊርማ ጋር በማኅተም ወጣ።

ፈቃዷ ለአንድ ዓመት ታገደ። የኢንሹራንሱ ደብዳቤ በሦስተኛው ቀን ደረሳት፤ «ስለ ረጅም ደንበኝነትዎ እያመሰገንን» ብሎ ይጀምርና ውሉ መቋረጡን ይነግራታል። ለልብስ ሰፊው የሚከፈለውን ካሳ ከሆስፒታሉ ጋር ልትጋራው ተስማማች፤ ለቤቱ ማደሻ ብለው ያስቀመጡት ሄደ። ፕላስተር ነፃ ወጣች፤ ስለ ጽሑፏ ብቻ ማስጠንቀቂያ ተሰጣት። በክፍሉ ግድግዳ ላይም የምስጋና ወረቀቱ ወርዶ «ቻርት ቀድሞ መሙላት በጥብቅ የተከለከለ ነው» የሚል ማስታወቂያ ተሰቀለ። ማስታወቂያውን ማንበባቸውን ሠራተኞቹ በየወሩ እንዲፈርሙ ታዝዟል፤ ፕላስተር ደውላ እንደነገረቻት፣ የዓመቱን በአንድ ቀን ፈርመው ጨርሰዋል።

ሲስተር መዝገብ ቤት ዋለች። ባሏ ስለ ነገሩ ምንም አልተናገረም፤ ጠዋት ጠዋት ግን ከወትሮው ግማሽ ሰዓት ቀድሞ መውጣት ጀመረ። እሷም አልጠየቀችውም። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ቀን ያለ ሰዓቱ ለምሳ መጣ። እጁ እስከ ክንዱ ግራሶ ነው። ታጥቦ ተቀመጠ።

«የኋላው ግራ ጎማ» አለ። «የፍሬን ሸራው አልቋል። ብረት ለብረት ነው የሚፋጨው።»

«ቅጹ ላይ ምን ይላል?»

«እስከ ቅዳሜ ደህና ይላል።»

«አሁንስ?»

«አንድ መስመር አሰመርኩበት» አለ። «ሰዓቱንም ጻፍኩ።» ውሃ ቀድታ ሰጠችው።